መኪናው አለ፤ መካኒኩስ?

ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ነው። ልጄ ቦርሳዋን አቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች። ቁልፉን አዙሬ መኪናውን አስነሳሁ። ወዲያው ያቺ ቢጫ የሞተር መብራት ከመሪው ፊት ለፊት በራች። መኪናው ተንቀጠቀጠ፤ መሄዱንስ ሄደ፤ ጉልበት ግን የለውም። የሰፈራችንን ዳገት እያቃሰተ ወጣልን።

መኪናችን ቪትዝ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝን የማያውቅ ጋራዥ የለም፤ ዕቃዋም በየመለዋወጫ ሱቁ ይገኛል። ስለዚህ ብዙም አልደነገጥኩም። “ከሰዓት ጋራዥ አስገብቼ ማታ እወስዳታለሁ” ብዬ ለባለቤቴ ደወልኩ። ጤነኛ ሆና ቤት የገባችው ግን ከ3 ሳምንት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አዳመጠና “ካንዴላ ነው” አለኝ። አራቱም ካንዴላዎች ተቀየሩ። በሁለተኛው ቀን መብራቷ ተመልሳ በራች። ሁለተኛው ጋራዥ “ካንዴላ ነው ያለሽ ማነው? የነዳጅ ፓምፕ ነው እንጂ!” አለ። ፓምፕ ተገዛ። ጥቂት ቀን ሰላም ሆነ፤ ከዚያ ያው። ሦስተኛው ጋራዥ “ኮምፒውተር አለው” ተብዬ የሄድኩበት ነው። ልጁ ትንሿን ማሽን ሰክቶ የወጣለትን ቁጥር አነበበና “ሴንሰር” አለኝ። ሴንሰርም ተገዛ። መብራቷ አሁንም አልጠፋችም። በዚህ ሁሉ መሀል ሁለት ጊዜ “ባለቤትሽ ቢደውልልን ይሻላል” ተብያለሁ። ባለቤቴ ስለ መኪና የሚያውቀው ነዳጅ መቅዳት ብቻ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

በመጨረሻ የአባቴ የድሮ መካኒክ ትዝ አሉኝ። ልጆች ሆነን ሁላችንም “ጋሼ” እያልን ነው ያደግነው። ቄራ አካባቢ በቆርቆሮ የታጠረች ጠባብ ግቢ አለቻቸው። ጋሼ ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጠየቁኝ፤ “ጠዋት ጠዋት ይብሳል ወይስ ሞተሩ ሲሞቅ? ዝናብ የዘነበ ቀንስ? ማታ የት ነው የምታቆሚያት?” ከዚያ ቴስተራቸውን ይዘው አንዷን ሽቦ እየተከተሉ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። 40 ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚለካው ሴንሰር የሚመጣውን ሽቦ አይጥ በልታዋለች። ሽቦዋ ስትንቀሳቀስ አንዴ ትገናኛለች፣ አንዴ ትለያያለች። የተቆረጠውን ቀጠሉት፣ በደንብ ሸፈኑት፣ አለቀ።

ካንዴላው ጤነኛ ነበር። ፓምፑም፣ ሴንሰሩም እንደዚያው።

ቀጥሎ የሆነውን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። ጋሼ ዋጋውን ነገሩኝ። ለማያስፈልገኝ ፓምፕ ከከፈልኩት ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም። እኔ ግን ከልማድ የተነሳ “ትንሽ አይቀንሱልኝም?” አልኳቸው። ሳቅ ብለው ቀነሱልኝ። መንገድ ላይ ሆኜ ነው የገባኝ። ለሦስቱም ዕቃዎች አንድ ብር እንኳ አልተከራከርኩም፤ የተከራከርኩት ችግሩን ካወቁት ሰው ጋር ነው።

ያን ዕለት ጋሼ ሻይ አዘው ብዙ አወሩኝ። በደህናው ጊዜ ስድስት ረዳት ነበራቸው፤ ዛሬ ያለው አንድ ነው። አንዱ ዱባይ ሄደ፣ ሌላው መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፣ ሌላው መኪና በኮንትራት ይነዳል። የራሳቸው ልጅ ባንክ ነው የሚሠራው። “መኪናው በዛ፣ ጋራዡም በዛ” አሉኝ፤ “እጅ ያለው ልጅ ግን ጠፋ። እኔ የማውቀውን ለማን ልስጠው?”

ይህ ጽሑፍ የተነሳው ከዚያ ጥያቄ ነው።

ከጆሮ ወደ ኮምፒውተር

መኪናና አዲስ አበባ የተዋወቁት በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ ያን ሁሉ በረሃና ገደል አቋርጦ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ የገባው ያኔ ነበር። የጥገና ሙያው ቋንቋ ደግሞ በአብዛኛው የመጣልን ከጣሊያን ነው፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ። የዛሬ መካኒኮች አያቶች እነዚህን ቃላት የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሌላው ሲሠራ አጠገቡ ቆመው፣ መፍቻ እያቀበሉ ነው። ያ ትምህርት ቤት “ረዳትነት” ይባላል። ልጁ መጀመሪያ ዕቃ ያጥባል፣ ከዚያ ጎማ ይፈታል፣ ከዚያ ፍሬን፣ ከዓመታት በኋላ ሞተር ያወርዳል።

ለላዳና ለቮልስ ዘመን ይህ በቂ ነበር። ካርቡራተር በጆሮና በካቻቢቴ ይስተካከላል። ሞተሩ የሚናገረውን የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ከተማው የሚያከብረው መካኒክ ይሆናል። በኋላ የመጡት መኪኖች ግን ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተር የሆነባቸው ናቸው። ኮምፒውተሩ ከብዙ ሴንሰሮች መረጃ ይሰበስባል፤ አንዱ ያልተለመደ ነገር ሲልክለት መብራቷን ያበራና የችግሩን ኮድ ይመዘግባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ይህን ኮድ የሚያነብ ወጥ የሆነ መሰኪያ በእያንዳንዱ አዲስ አውቶሞቢል ላይ ግዴታ ሆኗል። ዛሬ ኮዱን የምታነበውን ትንሽ ማሽን ማንም መግዛት ይችላል።

ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ማሽኗ ልክ እንደ ቴርሞሜትር ናት። ልጅዎ ትኩሳት እንዳለበት ትነግርዎታለች፤ ወባ ይሁን ቶንሲል ግን አትነግርዎትም። የእኔ መኪና ኮድ የሚለው “ከዚህ ሴንሰር የሚመጣው መልእክት ትክክል አይደለም” ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ወይ? ሽቦው ተቆርጧል ወይ? ሶኬቱ ውሃ ገብቶበታል ወይ? ይህን የሚለየው ኤሌክትሪክ የሚያውቅ፣ ሥዕላዊ ንድፍ ማንበብ የሚችል፣ በቴስተር የሚለካና ለመፈተሽ ትዕግሥት ያለው ሰው ነው። ሙያውን የማያውቅ ሰው ኮዱ የጠራውን ዕቃ ይቀይራል። ካልሆነ ቀጣዩን ይቀይራል። ሂሳቡን የምንከፍለው እኛ ነን።

ጀርመኖች ይህን ለውጥ ቀድመው አይተው እ.ኤ.አ. በ2003 የመኪና መካኒክንና የመኪና ኤሌክትሪሺያንን ሙያ አዋህደው አንድ አደረጉት። አንድ ወጣት ይህን ሙያ የሚማረው ለ3 ዓመት ከመንፈቅ ነው፤ ጊዜውን በድርጅትና በትምህርት ቤት መካከል ይከፋፍላል፤ እየተማረም ከቀጣሪው ወርሃዊ ክፍያ ያገኛል። እኛ አገር ደግሞ አብዛኛው ጋራዥ አሁንም መካኒክና ኤሌክትሪሺያን ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። መኪናዎ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ፣ አንዱ በሌላው ሲያሳብብ አላጋጠመዎትም?

አሁን ደግሞ ቻርጅ የሚደረገው መጣ

በዚህ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና ተጨመረ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ፤ ኢትዮጵያም ይህን በማድረግ በዓለም የመጀመሪያዋ ተባለች። ከዚያ በፊትም ለኤሌክትሪክ መኪኖች ቫት፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ ተነስቶላቸው ነበር። በመንግሥት የ10 ዓመት ዕቅድ ይገባሉ የተባሉት 148 ሺህ አውቶሞቢሎችና 4,800 አውቶቡሶች ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆጠሩ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከ100 ሺህ በላይ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች አገር ውስጥ መኖራቸውን ገለጸ። ቦሌ መንገድ ላይ 10 ደቂቃ ቢቆሙ ለውጡን በዓይንዎ ያዩታል።

“ኤሌክትሪክ መኪና ጥገና የለውም” ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን የለውም። ፍጥነት ሲቀንስ ራሱ ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ የፍሬን ሸራውም ቶሎ አያልቅም። ቀሪው ግማሽ ግን ከባድ ነው። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ የተለመደው የመኪና ባትሪ 12 ቮልት። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት አካባቢ ነው፤ ያውም ኃይሉን በሽቦ ከመስመር የሚያመጣ ሳይሆን ራሱ የተሸከመ። ለዚህ ነው ዋናዎቹ ኬብሎች ብርቱካንማ ቀለም የተሰጣቸው፤ “ሳታውቅ አትንካ” ማለት ነው። የሠለጠነ ባለሙያ መጀመሪያ ኃይሉን ያቋርጣል፣ የቀረው ኃይል እስኪፈስ ይጠብቃል፣ በመለኪያ ያረጋግጣል፣ እስከ 1,000 ቮልት የሚከላከል ጓንት ያደርጋል። ከዚያ ነው ሥራ የሚጀምረው። “ረዳትነት” እያየ በሞከረው የሚማር ሙያ ነው፤ እዚህ ጋ ግን ሞክሮ የሳተ ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ከምናያቸው ኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ለምሳሌ በከተማችን እንደ ልብ የምናየው የቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተዘጋጀ ሞዴል ነው። ስክሪኑ በቻይንኛ፣ መመሪያው በቻይንኛ ሆኖ ሲመጣ ባለንብረቱ ቅንጅቱን የሚያስተካክልለት ልጅ ፍለጋ ከሰው ሰው ይጠይቃል። የመኪናውን ሶፍትዌር መክፈት የሚችል፣ የባትሪውን ጤንነት ለክቶ በወረቀት የሚሰጥ፣ ስህተት ቢሠራ ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ ማግኘት ግን ከስክሪኑ በላይ ያስቸግራል።

የኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። አንድ ዕቃ እንዴት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። የመኪና ማስታወቂያ ስናይ ቀለሙ አለ፣ ስክሪኑ አለ፣ በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አለ፣ ፈገግ ያለ ቤተሰብ አለ። “ሲበላሽ የሚጠግንልዎ ባለሙያ ይኸውና” የሚል ማስታወቂያ ግን አይቼ አላውቅም። ገዢውም አይጠይቅም። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ ገበያ ላይ አይቀርብም።

“ልጄ መካኒክ ይሁን” የሚል ወላጅ

ታዲያ ወጣት ጠፍቶ ነው? እንዴት ይጠፋል! የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት እናስታውስ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች “ወደቃችሁ” ተብለው ቤት ይቀመጣሉ። በሌላ በኩል ጋራዡ ሰው አጣሁ ይላል። በሁለቱ መካከል የቆመው ማነው? ከፊሉ እኛ ነን፤ ወላጆችና ታላላቆች።

በእኛም ቤት ሆኗል። ታናሽ ወንድሜ የ2016 ተፈታኝ ነበር። ውጤቱ የመጣ ዕለት ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። እናቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሳምንቱ ወንድሜ “የመኪና ቴክኖሎጂ መማር እፈልጋለሁ” አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሬዲዮ የሚፈታ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠግን ልጅ ነው። ከእናቴ ቀድሜ “አይሆንም” ያልኩት እኔ ነኝ። “ቢያንስ የግል ኮሌጅ ግባና አካውንቲንግ ተማር፤ ክፍያውን እኔ እችላለሁ” አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና “መኪናሽን ሲሠሩልሽ ‘ጋሼ’ እያልሽ ታከብሪያቸዋለሽ፤ እኔ እሳቸውን ልሁን ስል ግን ታፍሪያለሽ” አለኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ይህ ሐፍረት ዛሬ የተወለደ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን ሰው እየሰደብን በሠራው ዕቃ ስንጠቀም ኖረናል። አፄ ምኒልክ የእጅ ሙያተኞችን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ያውም መኪና አዲስ አበባ በገባበት በዚያው 1900 ዓ.ም. ገደማ። ዘመናዊ የሙያ ትምህርትም ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለው ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሙያተኛ ሲያወጣ ኖሯል። አዋጁም ትምህርት ቤቱም ነበሩ። ዛሬም ግን በዘመድ መሀል “ልጅሽ ምን ያጠናል?” ስንባል “መካኒክ” ለማለት ምላሳችን ይያዛል። እናቴ በእድር ላይ የምትመልሰውን ሰምቼ ስቄአለሁ፤ “ቴክኖሎጂ ነው የሚማረው” ትላለች። አልዋሸችም፤ ግን ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

ስለ ሴት ልጆችስ? መኪናችንን እኛ ሴቶች እየነዳን ነው፤ ጋራዥ የምናመላልሰውም እኛ። የዛሬው ሙያ ክንድ ብቻ የሚጠይቅ አይደለም፤ ማንበብ፣ መለካት፣ ማሰብ ይጠይቃል። ሞተር ማንሻ መሣሪያ ባለበት ጋራዥ ውስጥ ለሴት ልጅ የሚከብደው ዕቃው አይደለም፤ “ባለቤትሽን ጥሪው” የሚለው አነጋገር ነው።

የእጅ ዋጋ

ሙያተኛ ማጣት የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የፎርድ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጂም ፋርሊ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ አካባቢ ኩባንያቸው 5,000 የመካኒክ ሥራ መደቦችን የሚሞላ ሰው እንዳጣ ተናግረዋል፤ በዓመት እስከ 120 ሺህ ዶላር በሚከፈልበት ሥራ። ይህ ለእኛ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ነገሩ ከድህነት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሀብታሞቹም ልጆቻቸውን ከዚህ ሙያ አርቀዋል። ሁለተኛ፣ በቂ ክፍያ ያላገኘ ጥሩ ባለሙያ የሚሄድበት አገር አያጣም። የጋሼን ረዳት ዱባይ የወሰደውም ሌላ አይደለም።

በቢዝነስ ትምህርት ቤት የተማርነው አንድ ቀላል ነገር አለ፦ ገበያው የሚከፍልበት ነገር ይበዛል፣ የማይከፍልበት ነገር ይጠፋል። እኛ የምንከፍለው ለዕቃ ነው። መካኒኩ 2 ሰዓት ፈትሾ “ዕቃ መግዛት አያስፈልግሽም፤ ሽቦ ነው” ቢለን ቅር ይለናል፤ “ምንም ሳይቀይር ይህን ያህል ጠየቀኝ!” እንላለን። ሳይፈትሽ ዕቃ የቀየረልንን ግን ሳንጨቃጨቅ እንከፍለዋለን። ስለዚህ መፈተሽ የሚችለው ሰው ይከስራል፤ መቀየር ብቻ የሚችለው ያተርፋል። ይህን የሚያይ ወጣት የትኛውን ቢማር ይሻለዋል? መፈተሽ መማር ዓመታት ይወስዳል፤ መቀየር ደግሞ ጥቂት ወራት።

ረዳቱም እንደዚሁ ነው። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ጀማሪ ልጅ የሚያገኘው የምሳና የትራንስፖርት ያህል ነው። የደኅንነት ጫማ፣ ጓንት፣ መነጽር ላይኖረው ይችላል። የደኻ ልጅ ረጅም ጊዜ ያለ ደመወዝ መቆየት አይችልም፤ የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ ቢችልም ወላጁ አይልከውም። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው።

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በተቻለ ነበር። ግን ልጆቻችንን ከኋላ አስቀምጠን እንጦጦን የምንወርደው አንድ ሰው ባጠበቀው ብሎን ተማምነን ነው። ፍሬኑን የነካው እጅ ሥራውን ያውቅ እንደሆነ የምናውቀው ቁልቁለት ላይ መሆን የለበትም።

እኛ ምን እናድርግ?

ሁሉን መንግሥት እስኪያስተካክል መጠበቅ አያስፈልግም። ከቤታችን የሚጀመሩ ነገሮች አሉ።

መኪና ላለው ቤተሰብ፦

• ዕቃ ከመቀየሩ በፊት “ምን ፈትሸህ አወቅህ?” ብለው ይጠይቁ። “ኮዱ ብሎኛል” በቂ መልስ አይደለም፤ ምን እንደለካ፣ ምን እንዳገኘ ይንገርዎ።

• ለፍተሻ ብቻ ለመክፈል ፈቃደኛ ይሁኑ፤ ይህንንም መጀመሪያውኑ ይንገሩት። “ዕቃ ባትቀይርም የፍተሻህን እከፍላለሁ” የተባለ መካኒክ እውነቱን ለመናገር ምክንያት ያገኛል።

• የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይውሰዱ። የተሠራውን ሥራ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን የሚጽፉበት አንዲት ደብተር መኪናው ውስጥ ይኑር። ለቀጣዩ መካኒክ እንደ ሕክምና ካርድ ትጠቅመዋለች።

• የፍሬን ሥራ ላይ በርካሽ አይሸወዱ። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ገደማ መቀየር እንዳለበት አይርሱ።

ኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ላሰበ፦

• ስለ ቀለሙ ከመጠየቅዎ በፊት “ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?” ይበሉ። ጋራዡን ሄደው ይዩ። ለከፍተኛ ቮልቴጅ የሠለጠነ ሰው አለ ወይ? ጓንቱና መለኪያው አለ ወይ? የመኪናውን ሶፍትዌር መክፈት ይችላሉ ወይ?

• ዋስትናው በማን ስም፣ ምን ምን እንደሚሸፍን፣ ባትሪውን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ።

• ብርቱካንማ ኬብል ወይም የባትሪውን ሽፋን “እስኪ ልየው” የሚል ማንኛውንም ያልሠለጠነ ሰው ያስቁሙ። መኪናው በሥሩ ድንጋይ መትቶት ወይም ጎርፍ ገብቶ ከሆነ ቻርጅ ከማድረግዎ በፊት ያስፈትሹ።

እጁ ሥራ የሚወድ ልጅ ላለው ቤተሰብ፦

• በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 መሄጃ መንገድ አለ፤ በየደረጃውም የሙያ ብቃት ምዘና ይወሰዳል። ከመመዝገብዎ በፊት ማሠልጠኛውን ይጎብኙ። ልጆቹ የሚሠሩባቸውን መኪኖች ይቁጠሩ፣ ሰልጣኞች ለተግባር ልምምድ የትኛው ድርጅት እንደሚላኩ ይጠይቁ።

• ለግል ኮሌጅ ሊከፍሉ ካሰቡት ገንዘብ ከፊሉን ለደኅንነት ጫማ፣ ለጥሩ ቴስተርና ለመፍቻ ስብስብ ያውሉት። የሙያተኛ መነሻ ካፒታል ይህ ነው።

• እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን እንዲተው አይፍቀዱለት። የዛሬ መካኒክ ንድፍና መመሪያ ያነባል።

ጋሼና ረዳታቸው

ወንድሜ በመጨረሻ ኮሌጅ ገባ፤ ዛሬ ደረጃ 3 ላይ ደርሷል። ትምህርት በሌለው ቀን ጋሼ ዘንድ ይውላል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ዕቃ ያጥባል፣ ሻይ ያዛል፣ ማታ እጁን በዘይትና በስኳር ፈትጎ አይነጻለትም። አንድ ቀን “ለዚህ ነው እንዴ የተከራከርኩት?” ብሎ ሊያቆም ደርሶ ነበር። በማግስቱ ጋሼ ቴስተሩን ሰጡትና “ዛሬ አንተ ፈልግ፤ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ” አሉት። ግማሽ ቀን ፈጅቶበት አገኘው። ጋሼ በ15 ደቂቃ እንደሚያገኙት ያውቃል። ግን አልተናገሩም፤ ግማሽ ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጡ። ባለመኪናው ሲነጫነጭ ሰምተው “ሂሳቡ የ15 ደቂቃው ነው፤ የቀረው የትምህርት ቤት ነው” አሉት።

ያን ግማሽ ቀን ማን ከፈለው? ጋሼ ናቸው፤ ከራሳቸው ኪስ። ሙያው እስከ ዛሬ የተሻገረው እንደዚህ ባሉ ሰዎች ትከሻ ነው። እሳቸው ደግሞ እያረጁ ነው።

ባለፈው ወር ያቺ ቢጫ መብራት እንደገና በራች። ወንድሜን ጠራሁት። ኮፈኑን ከፈተ፣ ለካ፣ ጻፈ፣ እንደገና ለካ። ከዚያ “እስካሁን አላወቅኩትም፤ ዕቃ እንዳትገዢ፤ ነገ ጋሼ ጋ ወስጄ እፈትሻለሁ” አለኝ። ከአራት ጋራዥ በኋላ “አላወቅኩትም” ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በማግስቱ ችግሩ ተገኘ፤ የላላ ሶኬት ነበር። ጋሼ ዋጋውን ነገሩኝ፤ ከፈልኩ። ለወንድሜም የእሱን ድርሻ ለብቻ ከፈልኩት። እናቴ ይህን ስታይ “ለወንድምሽ ትከፍያለሽ እንዴ?” አለችኝ። “ለመካኒኩ ነው የከፈልኩት” አልኳት።

ጋሼ አሁንም ሁለት ረዳት ይፈልጋሉ።